ከሲራራ እስከ አውራ ጎዳና፦ የምዕራብ ጎጃምን መንገድ ማን ይዞት ኖረ?

በጎጃም መንገድ ከመሠራቱ በፊት መንገድ ነበረ። ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በማንኩሳ በኩል ቡሬ የሚገባው አስፋልት ዛሬ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢወስድ ነው። በዚያው አካባቢ ግን አስፋልትም ጠጠርም ሳይታሰብ፣ ድንጋይ የጠረበ መሐንዲስም ሳይኖር፣ ወርቅና ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ፣ ጨውና ጨርቅ ለብዙ መቶ ዓመታት ተመላልሷል። መንገዱን ያወጣው የበቅሎ ኮቴና የሰው እግር ነው። ይዞ ያኖረው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሹመት፣ ቀረጥ፣ የገበያ ቀንና የክረምት እገዳ። ይህ ጽሑፍም የሚከተለው መንገዱን ተሸክመው ያቆዩትን ተቋማት እንጂ ድንጋዩን አይደለም።

ስለ ጥንት መንገድ ወሬ ሲነሳ ዓለም ቀድሞ የሚጠራው ኢንካዎችን ነው፤ ይገባቸዋልም። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ላይ የዘረጉት መረብ 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ዛሬ በስድስት አገሮች ውስጥ ያልፋል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የሚሽከረከር ጎማ ያለው ተሽከርካሪ አልነበራቸውምና መንገዱ ለእግረኛና ለጭነት ላማ የተበጀ ነው። ዳገቱ በደረጃ ይወጣል፣ ጎርፉ በቦይ ይወርዳል፣ ገደሉ በድንጋይ ካብ ይደገፋል። የአንድ ቀን ጉዞ ያህል እየተራራቁ ማረፊያና ጎተራ ያለባቸው ቤቶች ቆመውበታል፤ መልእክት የሚቀባበሉ ሯጮችም ነበሩት። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የድንጋዩ ሥራ አይደለም። ፔሩ ውስጥ በአፑሪማክ ወንዝ ላይ ቄስዋቻካ የሚባል ከሣር ገመድ የተጎነጎነ ድልድይ አለ። በአካባቢው ያሉ አራት የገበሬ ማኅበረሰቦች በየዓመቱ በሰኔ ወር ሣሩን አጭደው፣ ገመዱን ፈትለው እንደገና ይዘረጉታል። የኢንካ መንግሥት ከፈረሰ አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ድልድዩ ግን ግዴታው ስላልፈረሰ አለ።

የእኛ ነገር የዚህ ግልባጭ ነው። በጎጃም ግዴታው ነበረ፣ ግንባታው አልነበረም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎጃም ንግድ ልቡ ባሶ ነበር፤ ከየጁቤ አጠገብ፣ ከዛሬዋ ደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1842 የጁቤ ተቀምጦ ስለዚህ ገበያ፣ ስለ ዕቃውና ስለ ዋጋው ጽፏል። ከሰሜን በኩል የጎንደር፣ የደሪጣና የዓድዋ ነጋዴዎች፣ አብዛኞቹ ጀበርቲዎች፣ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ይዘው ይመጣሉ። ከደቡብ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ በጉድሩ አሰንዳቦ፣ በሌቃ ቢሎ፣ በሊሙ ሰቃ እያለ እስከ ቦንጋ የሚዘልቀው መስመር ቡናውን፣ ኮረሪማውን፣ ወርቁንና የዝሆን ጥርሱን ያመጣል። ባሪያም ያመጣል። ይህን ዘሎ ስለ ሲራራ ንግድ የሚጻፍ ታሪክ ጎደሎ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ታስሮ የተነዳው ሰው ከተጫነው ኮረሪማ ያነሰ አልነበረምና። ቡሬ በበኩሏ ከባሶ በስተ ምዕራብ ሌላዋ በር ነበረች፤ ከዳሞትና ከአገው ምድር የሚመጣውን ተቀብላ በዓባይ ቆላ በኩል ከወለጋ ጋር ታገናኛለች። ዛሬም የነቀምት መንገድ የሚገነጠለው ከቡሬ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

የነጋዴው ቅፍለት እንዴት ይሄድ ነበር? ጎህ ሲቀድ ይጫናል፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ወይም እንደወጣች ይራገፋል፤ ከብቱ የቀረውን ቀን ይግጣል። ለዚህ ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። የጫኝ ሁሉ ጠላት ገጣባ ነው። ኮርቻው ጠዋት ሲጫን ከሥሩ አንዲት ጠጠር ከገባች፣ ወይም ዳውላው ወደ አንድ ጎን ካጋደለ፣ የበቅሎዋ ጀርባ ማታ ይላጣል፣ በሳምንቱ ይመግላል፣ ከዚያ በኋላ ያቺ በቅሎ ለወር ተራ ሥጋ ናት። ስለዚህ ጫኝ ሲያራግፍ ቀድሞ የሚያደርገው የከብቱን ጀርባ በእጁ መዳበስ ነው፤ እህል ውሃ ከዚያ በኋላ ነው። ዕቃው በአንድ ቦታ ይከመራል፣ ሰው ዙሪያውን ይተኛል፣ ሌሊቱን በተራ ይጠበቃል። ለብቻ መሄድ የሚደፍር አልነበረም። የዓባይ ቆላ ሽፍታም ንዳድም አለበትና ነጋዴው አንዱ ሌላውን እየጠበቀ፣ ሰውና ከብቱ እየበዛ፣ በቂ ጠመንጃ ሲገኝ ነው ቁልቁል የሚወርደው።

የዚህ ሁሉ አለቃ ነጋድራስ ነበር። ሹመቱ በነጋዴና በመንግሥት መካከል ነው፤ ነጋዴው በነጋዴነቱ ያውቀዋል፣ ገዢው በቀረጥ ሰብሳቢነቱ ይሾመዋል። በመንገድ የተጣሉትን ይዳኛል፣ በገበያ የሚከፈለውን ይሰበስባል። በኋላ ዘመን፣ በምኒልክ ጊዜና ከዚያም ወዲህ፣ ነጋድራስነት ከጫካና ከቅፍለት ወጥቶ የከተማና የጉምሩክ ሹመት ሆነ፤ ምሁሩ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም በዚሁ ማዕረግ ይጠሩ ነበር። ሥሩ ግን እዚያው በጭነቱ ዙሪያ ነው።

ወንዙም ራሱ እንደ ሹም ነበረ። ክረምት ሲገባ ዓባይ ይዘጋል፤ አልፋለሁ ያለ ይወሰዳል። ቅፍለቱ እስኪጎድል ድረስ እየጠበቀ ይከርምና፣ መስቀል አልፎ ውሃው ሲቀንስ መሻገሪያው ይከፈታል። ያኔም ቢሆን መሻገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጭነቱ በተነፋ ቆዳ ላይ ወይም ከእንጨት በታሰረ ታንኳ ላይ ይደረጋል፤ ዋናተኞች ከብቱን በአንገቱ ይዘው ይጎትታሉ፤ የቀሩት ከዳር ሆነው አዞው እንዳይጠጋ ድንጋይ ይወረውራሉ፣ ይጮኻሉ፣ ጠመንጃም ይተኩሳሉ። ከተሻገሩ በኋላ የአሻጋሪዎች ዋጋ አለ።

ከዚያም ኬላው። ኬላ የሚተከለው ነጋዴው ዞሮ ሊያመልጥ በማይችልበት ቦታ ነው፤ በመሻገሪያ አፍ፣ በጠባብ በር፣ በገበያ መግቢያ። ከዓባይ ወዲያም በግቤ የኦሮሞ መንግሥታት ያው ኬላ ነበረ፤ ጠባቂው አባ ኬላ ይባል ነበር። አንድ ጭነት ኮረሪማ ከሊሙ ተነስቶ ጎንደር እስኪደርስ ድረስ ስንት በር ላይ እንደሚቆም መገመት ይቻላል፤ በየበሩም አንድ ነገር ይቀነሳል። አውሮፓውያኑ ተጓዦች ኬላን እያማረሩ ጽፈዋል፤ ምሬታቸው ግማሽ እውነት ነው። ግማሹን ግን አላዩትም። ኬላ ያለበት መንገድ ባለቤት ያለው መንገድ ነው። ቀረጡን የሚበላው ሹም ነጋዴው ሲዘረፍ የራሱ ገቢ እንደሚዘረፍ ያውቃል፤ ስለዚህ ሽፍታውን ያሳድዳል ወይም ከሽፍታው ጋር ይደራደራል። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ከመንግሥት ጋር የመጣ የመጀመሪያው የመንገድ ጥገና ቢባል ይህ ነው፤ በገንዘብ የተገዛ ደኅንነት። ሲከፋም ይከፋል። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ዓ.ም. ከሹመታቸው እስኪነሱ ድረስ ጎጃምን ሲገዙ ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ገንዘብ በመሰብሰብ ነበር፤ በእሳቸው እጅ ቀረጥና ግብር ጥበቃ መሆኑ ቀርቶ ንግድ ሆኖ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው።

ነገሥታቱ መንገድና ድልድይ ለመሥራት ያደረጉትን ሙከራ ስናይ የተቋም ነገር የበለጠ ይገለጣል። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. መንገድ እየጠረጉ፣ ገደል እየናዱ ሄዱ፤ እሳቸውም በእጃቸው ድንጋይ እያነሱ ይሠሩ እንደነበር ያዩ ሰዎች ጽፈዋል። በዘመኑ አገሪቱ ያየችው ትልቁ የመንገድ ሥራ ነው። አንድ መድፍ አለፈበት፣ የእንግሊዝ ጦር መጣ፣ ንጉሡ ሞቱ፤ መንገዱንም የወረሰ መሥሪያ ቤት አልነበረም። በጎጃም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳሊምቤኒ የተባለውን የጣሊያን መሐንዲስ አስመጥተው በ1870ዎቹ መጨረሻ ተምጫ ወንዝ ላይ ድልድይ አሠሩ። ተምጫ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ ሲሄዱ የሚሻገሩት ነው፤ በክረምት ቅፍለቱን ያቆም የነበረው ከዓባይ ቀጥሎ እንዲህ ያሉት ወንዞች ናቸውና ምርጫቸው የንጉሥ ብቻ ሳይሆን የነጋዴም ምርጫ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ምሳሌ ከምዕራብ ጎጃም ትንሽ ወጣ ይላል፤ ግን ልተወው አልቻልኩም። ከሞጣ በላይ፣ ጎጃምና በጌምድር በሚለያዩበት፣ በፋሲለደስ ዘመን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ በዓባይ ላይ አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከለኛው ቅስት ፈረሰና ስሙ ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ሰዉ ግን መሻገሩን አላቆመም። በፈረሰው ክፍተት ላይ ገመድ ተዘረጋ፤ ተሻጋሪው ወገቡ ላይ ይታሰራል፣ ከወዲያ ማዶ ያሉ ጎልማሶች ይስቡታል። እህል፣ ፍየል፣ በሽተኛም በዚሁ መንገድ ያልፍ ነበር። ለስድሳ ዓመታት ያህል እንዲህ ከኖረ በኋላ አንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ክፍተቱን በብረት ድልድይ ገጠመው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ጎርፍ ወሰደው፤ በኋላ ከፍ ብሎ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተሠራ። በፔሩ የሣሩን ገመድ በየዓመቱ የሚያድስ ማኅበር እንዳለ ሁሉ እዚህም ገመድ ሳቢ ነበረ፤ ልዩነቱ የእኛው ገመድ ሳቢ ከማንም ሹመት ሳይኖረው በችግር የተሾመ መሆኑ ነው።

መኪና የሚሄድበት መንገድ ወደ ምዕራብ ጎጃም የገባው ከጣሊያን ጋር ነው። ዓላማው ንግድ አልነበረም፤ ጦር ነበር። ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ቡሬ፣ እንጅባራና ዳንግላ የጣሊያን ምሽጎች ሆኑ፤ መንገዱም ምሽግን ከምሽግ የሚያያይዝ መስመር ሆነ። አርበኞች፣ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ መንገዱን እየቆረጡ አስቸገሩ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ኡም ኢድላ ላይ ድንበሩን ሲሻገሩ፣ በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው የጌድዮን ጦር ስንቁን የጫነው በግመል ነበር። ከድንበሩ እስከ በላያ ተራራ፣ ከበላያ እስከ ጎጃም ደጋ መንገድ የሚባል አልነበረም፤ ግመሎቹ በሺህ እየተቆጠሩ አለቁ። ደጋ ላይ ወጥተው የጣሊያንን መንገድ ካገኙ በኋላ ነው ጦርነቱ መልኩን የቀየረው። ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ደምበጫ፤ ጣሊያን በሠራው መንገድ እየሸሸ፣ አሳዳጁም በዚያው መንገድ እየተከተለ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ከተማ ፍኖተ ሰላም የተባለው ከዚህ ጉዞ ጋር ተያይዞ መሆኑ ይነገራል።

ጣሊያን ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ ጠባቂው ግን ሄደ። በአገሪቱ ያለው መንገድ በ1930ዎቹ ክረምት በክረምት እየተቦረቦረ፣ ድልድዩ እየተሸረሸረ ሄደ። መልሱ የመጣው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ በዓመቱ መጀመሪያ የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ መንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። ባንኩ ለአፍሪካ የሰጠው የመጀመሪያ ብድር ከዚያው ጊዜ ነው የሚቆጠረው። በዚያው ዓመት በጥር የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በአዋጅ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የመሩት ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ብድሩና መሥሪያ ቤቱ አብረው ተወለዱ ማለት ይቻላል።

መንገድ በበጀት፣ በደመወዝና በዲስትሪክት መያዝ የጀመረው ያኔ ነው። የአገሪቱ አውራ መንገዶች በአሥር የጥገና ዲስትሪክቶች ተከፈሉ፤ አንዱ ደብረ ማርቆስ፣ አንዱ ነቀምት ነው። ቡሬ በሁለቱ መካከል ትወድቃለች፤ እንደ ድሮው በር ሆና። የዲስትሪክቱን ታሪክ የጻፈ ሰው አላየሁም፤ ቢጻፍ ግን የሚጀምረው ከካምፑ ነው። ግቢው ውስጥ የቆመ ግሬደር፣ የዘይት በርሜል፣ ፎርማኑ፣ አካፋ ይዞ ቦይ የሚጠርገው የቀን ሠራተኛ። ቦዩ ከክረምት በፊት ካልተጠረገ ውሃው መሃል መንገዱ ላይ ይወጣል፤ ከወጣ ጠጠሩን ይዞ ይሄዳል፤ ጠጠሩ ከሄደ በመስከረም የሚጠብቅህ ሞተር የሚያስነካ ጎድጓዳ ነው። ይህን የሚያውቀው አካፋ ያዡ ነው። በኋላ መሥሪያ ቤቱ ስሙ ተቀያየረ፤ በደርግ ጊዜ የትራንስፖርት ኮንስትራክሽን ባለሥልጣን፣ ከዚያ የመንገዶች ባለሥልጣን፣ አሁን የመንገዶች አስተዳደር ሆኗል። ሰዉ ግን አውራ ጎዳና ማለቱን አልተወም። በ1989 ዓ.ም. ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም የጥገናው ገንዘብ ከዓመታዊ ልመና ወጣ፤ እኔ ከተመረቁት ብዙ ድልድዮች ይልቅ ይህንን አስቀድማለሁ። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን እርዳታ በዓባይ በረሃ ላይ የተመረቀው 303 ሜትር የህዳሴ ድልድይ በእርግጥ ያምራል፤ ፎቶ የሚነሱበትም ብዙ ናቸው። ከፈንዱ ጋር ፎቶ የሚነሳ የለም።

አውራ መንገዱ ባለቤት ሲያገኝ ገጠሩ ግን ቆየ። ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬ ዙሪያ፣ ወምበርማ የበቆሎና የበርበሬ አገር ናቸው፤ አፈሩ ለእህል የተመቸ ሲሆን ለጎማ ጠላት ነው። ሐምሌ ላይ በዚያ ጭቃ አህያ እንኳን ትቸገራለች። ነፍሰ ጡር በወሳንሳ፣ በርበሬ በአህያ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይጓዝ ነበር፤ ከአስፋልቱ ዳር አይሱዙ አቁሞ የሚጠብቀው ነጋዴ ዋጋውን የሚቆርጠው ገበሬው መልሶ ሊወስደው እንደማይችል እያወቀ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም፣ በተለምዶ ዩራፕ የሚባለው፣ እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ተነሳ። ወጣት መሐንዲሶች በማኅበር እየተደራጁ ሥራ ወሰዱ፣ ገበሬውም በጉልበት ተሳተፈ። ብዙ ቀበሌ መኪና አየ፤ ባጃጁም ሞተሩም ተከትሎ ገባ። ቅሬታዬ አንድ ነው። መንገዱ ተሠርቶ ሲያልቅ ወረዳ ይረከበዋል፤ ወረዳው ግሬደርም ዲስትሪክትም የለውም። ጅጌ ወጥቶ የጎረቤቱን አዝመራ የሚያጭድ፣ ለቤተ ክርስቲያን አጥር ድንጋይ የሚያመላልስ ገበሬ የመንገድ ቦይ ለመጥረግ የሚወጣው ሲታዘዝ ብቻ ነው፤ መንገዱ የመንግሥት ነውና። ለአፑሪማክ ገበሬዎች ግን ድልድዩ የራሳቸው ነው።

ኬላም አልሞተም። ከነፃነት በኋላ ማዕከላዊው መንግሥት ጉምሩክን በአንድ እጁ ሲይዝ የየአውራጃው በር ሕጋዊ መሠረቱን አጥቶ ነበር። ባለፉት ዓመታት ግን በመላ አገሪቱ በመንገድ ላይ ገመድ ወጥሮ የሚያስከፍል ሕገወጥ ኬላ ራሱ መንግሥት የሚያማርርበት ጉዳይ ሆነ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር መስመር በተደጋጋሚ ተዘግቷል። የድሮው ኬላ የሚያስከፍለው ለመጠበቅ ነበር ብለናል፤ የአሁኑ ገመድ ወጣሪ ከገመዱ ማዶ ስላለው ነገር ኃላፊነት የለበትም።

ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቋል፤ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክም አላት። ለእነዚህ የሚሆነው ሰሊጥና አኩሪ አተር ከወለጋም ከወምበርማም ከመተከልም ሊመጣ የሚችለው በእነዚያው አሮጌ አቅጣጫዎች ነው። ዛሬ የሚጭን ነጋዴ የነዳጅን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት መስመሩ ክፍት መሆኑን ለማወቅ ይደውላል፤ የሚደውለውም ትናንት ማታ ከዚያ ለተመለሰ ሹፌር እንጂ ለመሥሪያ ቤት አይደለም።